የማክሰኞዋ አንድ ሰዓት፦ ሐኪሞችን ማስተማር ያስተማሩት የዶክተር አክስታችን የሕይወት ታሪክ

አንድ ወጣት ሐኪም እንዴት እንደሚያስተምር በሳምንት አንድ ሰዓት ቢማር፣ ከሥሩ ያሉት የሕክምና ተማሪዎች በእርግጥ የተሻሉ ሐኪሞች ይሆናሉ? ዛሬ የምንሸኛቸው ዶክተር አክስታችን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «ይሆናሉ» ብለው ኖሩ። ይህን ታሪክ እንዲጽፍ ቤተሰቡ ያዘዘው የእህታቸው ልጅ ባሕር ማዶ ሄዶ የተማረው እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቁጥር መመለስን ነበር። ሆኖም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ መልሱን አላገኘም። ስለዚህ በእርግጠኝነት ከሚያውቀው ይጀምራል።

ዶክተር አክስታችን ከመኪና መንዳት አስተማሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሦስተኛ ናቸው። የተወለዱበት ቤት ከፊት ለፊቱ የልምምድ መኪናው የሚያድርበት ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ ነበረው፤ ከኋላው ደግሞ የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ የሚንቀጫቀጭበት ባለ አንድ መስኮት ክፍል።

እናታቸው ሥራ ሲደራረብባቸው ልጃቸውን ከአባትየው ጋር ይልኩ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ብዙውን ቀን የዋሉት በልምምድ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ነው። ከዚያ ሆነው የሚያዩት የትልልቅ ሰዎችን ማጅራት ነበር። ነጋዴው፣ ጸሐፊዋ፣ ጡረተኛው ወታደር፣ ሁሉም መሪ ሲጨብጡ ማጅራታቸው ላብ ያወጣል። በዚያን ዘመን የነበሩ ሌሎች አስተማሪዎች ተማሪው ሲሳሳት መሪውን እየነጠቁ «ዓይን የለህም?» ይሉ ነበር። አባታቸው ግን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። በእሳቸው በኩል ሁለተኛ ፍሬን ነበር፤ እግራቸው ከዚያ አይርቅም። «እጅ ከመሪው ይነሳል፣ እግር ከፍሬኑ አይነቀልም» ይሉ ነበር። አክስታችን ይህን አነጋገር ለብዙ ዓመት ስለ መኪና ብቻ የተነገረ አድርገው ያስቡት እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤቶች አጠናቀቁ። በክፍላቸው ከአንደኛነት ወርደው አያውቁም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሁለተኛ ወጥተዋል። ታላቅ እህታቸው ያንን ሳምንት ሲያስታውሱ «ሰው የሞተብን ይመስል ጎረቤት መጥቶ ምን ሆናችሁ ብሎናል» ይላሉ።

በ1967 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርቱ ከባድ ነበር፤ ከትምህርቱ ይልቅ ግን አስተማሪዎቹ ይከብዱ ነበር። በበሽተኛ አልጋ ዙሪያ ተቁሞ ጥያቄ ሲወረወር፣ የሚያውቅ ይመልሳል፣ የማያውቅ ይገምታል፣ መገመትም ያቃተው ጫማውን ያያል። «አላውቅም» የሚባል መልስ አልነበረም። አንድ የክፍል ጓደኛቸው የበሽተኛውን ሳንባ አዳምጦ «አልተሰማኝም» ቢል፣ አስተማሪው «እንግዲያው ሂድና ጆሮ ገዝተህ ና» ብለው ከክፍሉ አስወጥተውታል። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ይሰማው ነበር። አክስታችንም እንደዚያው። በ1974 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው፣ ሁለት ሐኪም ብቻ ባለበት ትንሽ ሆስፒታል ሦስት ዓመት አገለገሉ። ከዚያ ተመልሰው በውስጥ ደዌ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆኑ፤ በ1981 ዓ.ም. እስከ ጡረታ ድረስ በሠሩበት የማስተማሪያ ሆስፒታል ተቀጠሩ።

በዚህ መካከል በ1979 ዓ.ም. ለስፔሻሊስትነት ከሚማሩበት ሆስፒታል ፋርማሲስት ጋር ትዳር መሠረቱ። ትውውቃቸው የጀመረው በጠብ ነው። የእጅ ጽሑፋቸው የማይነበብ ስለነበር ፋርማሲስቱ አንድ ማዘዣ ሦስት ጊዜ መልሰውባቸው፣ በአራተኛው ራሳቸው ይዘው ወጥተው «እሜቴ፣ ይኼ መድኃኒት ነው ወይስ ፊርማ?» አሏቸው። በዓመቱ ተጋቡ። በ1982 ሴት ልጃቸውን፣ በ1985 ወንድ ልጃቸውን ወለዱ። ሴት ልጃቸው የሒሳብ መምህርት ናት፤ ወንዱ አሳንሰር ይጠግናል።

ቀጥሎ ያለው በሕይወት ታሪክ ላይ አይጻፍም ያሉ የቤተሰብ አባላት ነበሩ። ነገር ግን አክስታችን ራሳቸው በሰው ፊት ሲናገሩት የኖሩት ስለሆነ ተጽፏል። በመጀመሪያዎቹ አሥር የማስተማር ዓመታቸው ተማሪዎቻቸው የሚጠሯቸው «መጋዝ» በሚል ስም ነበር። በኮሪደሩ ጫፍ የጫማቸው ድምፅ ሲሰማ መጸዳጃ ቤት የሚደበቅ ተማሪ ነበር። የተማሩት እንደዚያ ስለሆነ ያስተማሩትም እንደዚያ ነው።

ያ ሁሉ የተለወጠው በታኅሣሥ ወር 1991 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሐኪሞች ራውንድ በሚሉት የጠዋት ጉብኝት ላይ፣ አምስት የሕክምና ተማሪዎችንና ሁለት ሬዚደንቶችን፣ ማለትም ለስፔሻሊስትነት የሚማሩ ወጣት ሐኪሞችን፣ አስከትለው ወደ ወንዶች ክፍል ገቡ። በአልጋ ቁጥር ዘጠኝ ላይ የልቡ መዝጊያ የላላ በሽተኛ እንደተኛ ከትናንት ያውቃሉ። ዓይናቸውን ከካርዱ ሳያነሡ «በዚህ ሰውዬ ልብ ላይ በሁለቱ ምቶች መካከል የሚነፋ ድምፅ አለ። በየተራ አዳምጡ» አሉ። ሰባቱም ተራ በተራ አዳመጡ። ሰባቱም «ይሰማል» አሉ። አንደኛው ተማሪ እንዲያውም «ወደ ብብቱም ይሄዳል» ብሎ ጨመረ። አክስታችን ሰው ባያመሰግኑም ያን ልጅ አመሰገኑት።

በሽተኛው ሸሚዙን እየቆለፈ «እኔ እኮ የታመምኩት እግሬን ነው» አለ።

በዚህ ጊዜ ዋናዋ ነርስ የቁስል መጠቅለያ ይዘው መጡና «ዶክተር፣ ዘጠኝ ቁጥርና አሥር ቁጥር ተቀያይረዋል እኮ። ሌሊት ጣሪያው አፍስሶ አዛውረናቸዋል፤ ካርዱን ግን ማንም አላዛወረውም» አሉ። አክስታችን ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። የሰውዬው ልብ ንጹሕ ነበር። አንድም የሚነፋ ነገር የለም። ብብቱን የጠቀሰው ልጅ ወለሉን ያጠና ጀመር።

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣው ግን አልወጣም። በኋላ እንደነገሩን፣ በዚያች ቅጽበት የታያቸው ነገር ይህ ነበር፦ ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ የሚዋሸው እንዲዋሽ ከሰለጠነ ብቻ ነው። አሰልጣኙም ከፊታቸው ቆሟል፤ ያውም በሽተኛውን ቀና ብሎ ሳያይ።

በዚያው ቅዳሜ ዓይናቸው ደክሞ ቤት ወደዋሉት አባታቸው ሄደው ሁሉንም ነገሯቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙና «መሪውን ነጥቀሽ ስትነጂ ተማሪው ምን ይማራል ልጄ? ከጎን ተቀምጦ መፍራት ነው የሚማረው» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ካንቺ ጋር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይ፣ እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው የማያቸው። የሚውሉት ከሬዚደንቶቹ ጋር ነው።»

«ታዲያ አንቺ ብትታረሚ ምን ዋጋ አለው? እነሱን አስተምሪያቸው እንጂ።»

የማክሰኞዋ ሰዓት የተወለደችው በዚህ ሁኔታ ነው። በየካቲት ወር 1991 ዓ.ም. ስድስት ሬዚደንቶችን ሰብስበው፣ ከቀኑ ሰባት እስከ ስምንት ሰዓት፣ የተሰበረ አጥንት ማሰሪያ ጀሶ በሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ አስቀመጧቸው። ለቁመቱ በር የማይበቃውን፣ ጓደኞቹ «ምሰሶው» የሚሉትን ሬዚደንት አስነሥተው፣ አጠገቡ ላለው ጓደኛው እንደ ተማሪ ቆጥሮ የደረት ምርመራ እንዲያስተምረው አዘዙ። ምሰሶው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሳይተነፍስ አወራ።

«ተማሪህ ምን አደረገ?» አሉት።

«አዳመጠኝ።»

«እንደገባው በምን አወቅህ?»

«ራሱን ሲነቀንቅ ነበር ዶክተር።»

«እኔ ሰባት ራስ ተነቅንቆልኝ ያውቃል» አሉና የአልጋ ቁጥር ዘጠኝን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተናገሩ። ስድስቱ ሬዚደንቶች ለመሳቅ ፈሩ። በመጨረሻ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ትምህርቱ ረቂቅ አልነበረም። መጀመሪያ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለት፣ በልብ እስከ ሰባት መቁጠር፣ ተማሪው ሳይናገር አለመናገር። ሐኪምን እንደዚህ የሚከብደው ነገር የለም። ምሰሶው «እኔ ሰባት እስክቆጥር በሽተኛው ድኖ ይወጣል እኮ ዶክተር» ሲላቸው «ይውጣ! አንተ ከቸኮልክ ግን ተማሪህ ሰውዬው ለምን እንደዳነ ሳያውቅ ይመረቃል» ብለው መለሱለት። ለምን ሰባት እንደሆነ ሲጠየቁ «ስለ እያንዳንዱ ውሸት አንድ» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ «መጋዝ» የሚለው ስም ቀርቶ «እስከ ሰባት» ተባሉ።

ደግሞ በየማክሰኞው እያንዳንዱ ሬዚደንት የማያውቀውን አንድ ነገር ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት። «አላውቅም» የሚለው ቃል በከንፈር ብቻ ከሆነ ይመልሱታል፤ እንደ ሳል ከደረት እንዲወጣ ይፈልጉ ነበር። «ጎበዝ» ማለትም ክልክል ነበር። «ጎበዝ ምን ማለት ነው? እጁን አሙቆ ሆዷን መንካቱ ጥሩ እንደሆነ ንገረው። ከሚያማት ቦታ መጀመሩ ስህተት እንደሆነም ንገረው። በአልጋዋ ፊት ሳይሆን በሩን ከዘጋህ በኋላ።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም የደስታ ታሪክ ይሆን ነበር። ግን ሆስፒታሉ የራሱ ሕግ ነበረው፤ በሥራ ድልድሉ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው። የማክሰኞዋ ሰዓት ደግሞ አልተጻፈችም። ስለዚህ አንድ ሬዚደንት ቆጠራው ገና አራት ላይ ሲደርስ ስልኩ ይጮሃል፤ ሌላው ምሳውን በእጁ ይዞ ይመጣና ሳይቀመጥ ይጠራል። አክስታችን የፈለጉት በድልድሉ ላይ አንድ መስመር ነው፦ ማክሰኞ፣ ከሰባት እስከ ስምንት፣ የማስተማር ሥልጠና። ሌላ ምንም አልጠየቁም። አበል አልጠየቁም፤ ክፍል እንኳ አልጠየቁም።

የመጀመሪያው የሥልጠና ቢሮ ኃላፊ «ግሩም ሐሳብ ነው፣ በጽሑፍ ያቅርቡልን» አሉ። በጽሑፍ ቀረበ። ሁለተኛው ኃላፊ ኮሚቴ ይየው አሉ፤ ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት ሦስቱ ለትምህርት ከሄዱበት አልተመለሱም ነበር። ሦስተኛው ደግሞ «ዶክተር፣ ሐኪም ሁሉ እኮ በተፈጥሮው አስተማሪ ነው» አሉ። አክስታችን በልባቸው እስከ ሰባት ቆጥረው «ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ልብ አለው፤ የልብ ሐኪም ነው ማለት ግን አይደለም» አሏቸው። ኃላፊው ከልባቸው ሳቁ። ማመልከቻውም ተመለሰ።

በ1997 የጀሶው መጋዘን የተበላሸ የራጅ ማሽን ማስቀመጫ ሆነና ሰዓቷ ወደ ሁለተኛው ፎቅ የደረጃ መታጠፊያ ተሰደደች፤ ከዚያም ወደ አምቡላንስ ማቆሚያው። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፈዋል። መልስ የመጣው በቃል ነው፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነበር፦ ጉዳዩ እየታየ ነው። «ይኼ ጉዳይ ሲታይ ሲታይ ዓይኑ ጠፋ» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ የምግብ ሰዓቱ ሁሉ የማክሰኞ ወሬ ሲሆንባቸው «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንቺ እንቁላል ግን ሳይሄድ ጡረታ ሊወጣ ነው» ብለው ያስቋቸው ነበር፤ ያናድዷቸውም ነበር።

ቤተሰቡም አልፎ አልፎ በእሳቸው መበሳጨቱን መደበቅ አይገባም። በ2001 ዓ.ም. የክፍሉ ምክትል ኃላፊነት ቀርቦላቸው፣ «የማክሰኞዋ ሰዓትስ?» ብለው ጠየቁ። «በሂደት» ተባሉ። ሹመቱን አልቀበልም አሉ። ታላቅ እህታቸው «ወንበሩን ይዘሽ ሰዓቱን ማምጣት አትችዪም ነበር? እልኸኛ!» ብለው ሳምንት አኮረፏቸው። እሳቸው ግን «ወንበሩን ይዘው ሰዓት ያጡ ሦስት ሰዎች አይቻለሁ» ከማለት በስተቀር ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም።

በ2005 ዓ.ም. የእህታቸው ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ከባሕር ማዶ ተመለሰ። የማክሰኞዋን ሰዓት ገብቶ አየ፤ ወደደው፤ አላመነበትም። «አክስቴ፣ የሚሉት ደስ ይላል። ግን ለውጥ ማምጣቱን ማን ለካው?» አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እሳቸው ግን «አልለካሁትም። አንተ ለካው!» አሉት። ሁለት ዓመት ተለካ። በሰለጠኑ ሬዚደንቶች ሥር የነበሩ ተማሪዎችና ባልሰለጠኑት ሥር የነበሩት፣ ባንድ ላይ አርባ አንድ ተማሪ፣ በአንድ ዓይነት ፈተና ተመዘኑ። በሰለጠኑት ሥር የነበሩት ተማሪዎች በጥቂቱ ተሽለው ተገኙ፤ ልዩነቱ ግን የአጋጣሚ ሊሆን እንደሚችል ቁጥሩ ይናገራል። ለሥልጠና ቢሮው የቀረበው ሪፖርት በገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ይላል፦ «በዚህ የተማሪ ብዛት ሥልጠናው ለውጥ ማምጣቱን ማረጋገጥ አልተቻለም።» ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ «ስለዚህ ሰዓቱ በሥራ ድልድሉ ተካቶ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ሊለካ ይገባል» ይላል።

በሰኔ 2008 ዓ.ም. አራተኛው ኃላፊ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ የሆነውን የጽሑፍ መልስ ላኩ። ደብዳቤው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ ቃል በቃል ጠቅሶ፣ ሁለተኛውን ሳይጠቅስ፣ በማክሰኞ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ሬዚደንቶች በተመላላሽ ክፍል እንዲመደቡ መወሰኑን ያስታውቃል። ውሳኔው በድልድሉ ላይ በሳምንቱ ተጻፈ። አንድ መስመር ለመጻፍ አሥራ ሰባት ዓመት የፈጀበት ቢሮ ሰዓቷን ለመሠረዝ አምስት ቀን በቃው።

የእህታቸው ልጅ በማግስቱ ቤታቸው ሄዶ «ያንን ዓረፍተ ነገር ምን አባቴ አስጻፈኝ» አለ። አክስታችን ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው እያገላበጡ «ከጻፍከው ሁሉ የምወደው እሱን ነው» አሉት። «አላውቅም ብለህ ጻፍክ። ደግ አደረግህ። እኔ አላውቅም ስል እንጠይቅ ማለቴ ነው፤ ለእነሱ ግን አላውቅም ማለት ይቅር ማለት ነው። ይኼን ያስተማርናቸው እኛው ነን። ጆሮ ገዝተህ ና እያልን።» ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም። ያመማቸው ግን በጣም ነው።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አብረዋቸው ጡረታ ወጥተው ነበርና ዕረፍት ይሆናል ተብሎ ታሰበ። እሳቸው ግን በየማክሰኞው አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ከተመላላሽ ክፍል ማምለጥ የቻለ ሬዚደንት ይኖር እንደሆነ ወደ ደረጃው መታጠፊያ ይሄዱ ነበር። መጀመሪያ አምስት ይመጡ ነበር፤ በኋላ ሁለት። በ2013 ማንም አልመጣም። ዋናዋ ነርስ በዚያ ሲያልፉ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አግኝተዋቸው «እስከ ሰባት፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» ቢሏቸው «ተማሪው መልስ እስኪሰጥ ነዋ» ብለው ቀለዱ። ዋናዋ ነርስ ግን ቀልዱ እንዳላሳቃቸው ለቤተሰቡ ተናግረዋል።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ታመሙ። በሽታው ከቆሽት ተነሥቶ ጉበት ላይ የደረሰ ካንሰር ነበር፤ ስሙንም ደረጃውንም ከሐኪሞቻቸው ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። በየካቲት መጨረሻ ብዙ ዓመት በሠሩበት ሆስፒታል፣ በሴቶች ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ተኙ። አንድ ጠዋት የማያውቁት ወጣት ሬዚደንት ሦስት ተማሪዎች አስከትሎ መጣና አንዷን ተማሪ ጉበታቸውን በእጇ እንድትፈልግ አዘዛት። ልጅቷ እጇን አሳረፈች። ሬዚደንቱ «ተሰማሽ አይደል? ጠጣር ነው፣ ጠርዙ ሻካራ ነው፣ አራት ጣት ወርዷል» አለ። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«አልተሰማትም» አሉ አክስታችን ከትራሱ ላይ። «ምን ይሰማታል፤ እጇ ያለው የጎድን አጥንቴ ላይ ነው።»

ልጅቷ ደነገጠች። ሬዚደንቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ጀመረ። እሳቸው ልጅቷን ብቻ እያዩ ዝም አሉ። ዝምታው በጣም ረዘመ። በመጨረሻ ልጅቷ «አዎ፣ ምንም አልተሰማኝም» አለች።

«በጣም ጥሩ። አሁን ትምህርት ተጀመረ» አሏት። እጇን ይዘው ዝቅ አደረጉላት፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ፣ እስኪነካት ድረስ ጠበቁ። ልጅቷ ነካችው። ምን እንደነካችም ስለገባት ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሬዚደንቱ ተማሪዎቹን ከሸኘ በኋላ ብቻውን ተመለሰ። «ዶክተር፣ እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አላቸው። በሦስት ደቂቃ ነገሩት። በማግስቱ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ሦስቱ ወጣት ሐኪሞች ለአሥር ቀን፣ በተገኘችው ደቂቃ ሁሉ፣ በአልጋቸው ዙሪያ ቆመው ማስተማርን ተማሩ። ደቂቃዋ ግን አትበቃም ነበር፤ ስልኮቻቸው ይጮሃሉ፣ እሳቸውም ይደክማቸዋል። «አንድ ሙሉ ሰዓት ብትኖረን» አሉ ልጆቹ። አክስታችን ስለዚህ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ተበሳጩ። ብስጭታቸው ጉልበት ሰጣቸውና ተደግፈው ተቀመጡ፤ ስልካቸውንም አስመጡ።

ዶክተር አክስታችን ዓርብ መጋቢት 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተዋል። ቁጥራቸው በትክክል የማይታወቅ ሐኪሞችንም ትተዋል፤ ምን ያህሉ ተማሪያቸው እስኪያስብ ድረስ ዝም እንደሚሉ ማንም አልለካም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ማንንም በማያስቸኩልበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ጽናቱን ይስጥ።

ቤተሰቡ አንድ ተጨማሪ ነገር እዚህ እንዲነበብ ወስኗል። እሑድ መጋቢት 10 ቀን፣ ተደግፈው በተቀመጡበት፣ ለልጃቸው እየተናገሩ አስጽፈው ለአሁኑ የሥልጠና ቢሮ ኃላፊ በስልክ የላኩት መልእክት ነው። ቃሉ አልተነካም፦

«ጤና ይስጥልኝ። ማስተማር መማር የሚፈልጉ ሦስት ሬዚደንቶች አሉኝ። የፊታችን ማክሰኞ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ከተመላላሽ ክፍል ይልቀቁልኝ። ክፍል አያስፈልገንም፤ እኔ መነሣት ስለማልችል እነሱ ወደ አልጋዬ ይመጣሉ። እባክዎ አዎ ወይም አይሆንም ብለው ይመልሱልኝ። አላውቅም ቢሉም እቀበላለሁ።»

መልእክቱ በዚያው ዕለት መነበቡን ስልካቸው ያሳያል። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስምንትም ሆነ። ይህ ወረቀት ለኅትመት እስከገባበት ሰዓት ድረስ ምላሽ አልመጣም።